የፈረምኩት ወረቀት

ከክፍል አውጥተው ሲወስዱኝ ጠመኔው ገና እጄ ላይ ነበር። ያሰሩኝ ቀድሞ የሽንኩርት መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ ነው፤ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው የበሰበሰ ሽንኩርት ይሸታል። በየጠዋቱ «ተማሪዎችን ለአመፅ አነሳስቻለሁ» የሚል ወረቀት ያመጡልኛል። እኔም አልፈርምም እላለሁ። ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ፍርሃቱ እንኳ ሰልችቶኝ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት፣ «አንተ» እያለ ሲጠራኝ የከረመው ሽማግሌ ጠባቂ በሩን ገርበብ አደረገ።

«መምህር፣ ስለ ልጄ አንድ ነገር ላማክርዎት።»

ልጁን አውቃታለሁ፤ አሥረኛ ክፍል ናት፣ የክፍሏም ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ለመሰናዶ ናቹራል ወይም ሶሻል የሚመረጥበት ቅጽ በማግስቱ ይሰበሰባል። ቅጹን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ፤ ሶሻል ላይ ምልክት አድርጎበታል።

«ኢንጂነር እሆናለሁ አላለችም እንዴ?»

«ትላለች እንጂ! ሮቢ ወንዝ ላይ ድልድይ ካልሠራሁ ብላ ቁም ስቅሌን ታሳየኛለች። እኔ ግን ፊዚክሱን ፈራሁላት። በሶሻል ጥሩ ውጤት ታምጣና ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ወደ ኢንጂነሪንግ ትዞራለች።»

ንድድ አልኩ። ዓመቱን ሙሉ ለወላጅ ሁሉ ስለፈልፍ የከረምኩት ይህንኑ ነበር።

«ጋሼ፣ መዞር የሚባል ነገር የለም። ሶሻል የገባ ኢንጂነሪንግ አይመደብም። ደግሞ በፊዚክስ ከክፍሉ አንደኛ እሷ ናት! እስክሪብቶ ይስጡኝ።»

«ለእስረኛ ክልክል ነው።»

«እንግዲያው ቅጹን ይዘው ይሂዱ።»

ኮሪደሩን ግራ ቀኝ ሲያይ ቆየና እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ሶሻልን ሰርዤ ናቹራል ላይ ምልክት አደረግሁ። ከጎኑ ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

«ያኛውንም ወረቀት እንዲህ ቢፈርሙላቸው ይኸኔ ቤትዎ ነበሩ» አለኝ።

«ይኼኛው እውነት ነው» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። «ናቹራል ገብታለች» አለ መሬት መሬት እያየ፤ «ትምህርት ቤት ግን የታሰረ ሰው ፊርማ አይሆንም ብለው የእርስዎን ቀደዱት። በሌላ ቅጽ ገልብጠው ሌላ መምህር ፈረመበት።»

በእስር ወራቴ የፈረምኩት ብቸኛ ወረቀት መቀደዱ ዛሬም ያበግነኛል። ስፈታም ወደ ማስተማሩ አልመለሱኝም።

ባለፈው ዓመት ልጅቷ ስልክ ደወለችልኝ። ከሥራ ቦታ ነበር፤ ከኋላዋ የኮንክሪት ማደባለቂያ ያጓራል።

«መምህር፣ እዚህ ጫጫታ ነው፣ አይሰማኝም!» ትላለች።

«ግድ የለም» አልኳት፤ «ሥራሽን ሥሪ።»