ትልቅ ጎማ ያለው ጋሪ

ጁባ ውስጥ የሕፃን ጋሪ መግዛት እንዲህ ሰው ያቅበጠብጣል ብሎ የነገረኝ የለም። ሚስቴ ሃይ ማላካል ሰፈር ካለችው ምግብ ቤታችን «ይቺ ልጅ ወገቤን ቆረጠችው፤ ጋሪ ሳትገዛ እንዳትመለስ!» ብላ ከስምንት ወር ልጃችን ጋር ወደ ገበያ አስወጣችኝ።

አንዱ ጋሪ ጎማው ትንሽ ነው፣ ጭቃ ይውጠዋል። ሌላው ሲገፉት ይንጋደዳል። አነሳለሁ፣ እመልሳለሁ። ኢትዮጵያ ያደገችው ሻጭ ሰለቸኋት መሰለኝ፣ በአማርኛ «ወንድሜ፣ ልጅ ያድጋል። የከርሞውን ክብደት ጭነህ ሞክረው፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለችና ልጄን ተቀበለችኝ።

እውነቷን ነው። ለምግብ ቤቱ የገዛሁትን ትንሽ ጆንያ ጤፍ ትልቅ ጎማ ያለው ጋሪ ላይ ጫንኩ። አቧራ እንዳይነካው በልጄ ነጠላ ሸፈንኩና ጉድጓድ ጉድጓዱን እየመረጥኩ ገፋሁት። አይንገጫገጭ፣ አይንጋደድ! ትንሽ ልሞክረው፣ ደግሞ ትንሽ ልሞክረው ስል ሰፈሬ ደረስኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ መንገድ ላይ ያዙኝ። ዓይን እንዳይሆንባት ብለው ነጠላውን አልገለጡም፤ በላዩ ዳበስ ዳበስ አደረጉና «እትፍ እትፍ! እንዴት ደልባለች! ከዓይን ያውጣት» አሉ።

ጤፍ ነው ማለት አፈርኩ። «አሜን» አልኩ።

«ደግሞ ዝም ማለቷ!»

«ጨዋ ናት።»

ሚስቴ ጡቷ ሞልቶ የምግብ ቤቱ በር ላይ ትንቆራጠጣለች። «አምጣት፣ ላጥባት» ብላ ነጠላውን ገለጠች። ጆንያውን አየች። ባዶ እጄን አየች።

«ልጄን አስይዘህ ነው ጋሪ ያመጣኸው?»