የቆርቆሮ ሚስማር

የጋሪ ፈረሴ ማንከስ ከጀመረ አራተኛ ቀኑ ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ ጥፋቱን በሶዶ ኮብልስቶን ላይ ሳላክክ ሰነበትኩ። በመጨረሻ የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ መጣችና የፊት እግሩን አንስታ በጉልበቶቿ መሀል ያዘችው። የብረት ጫማውን ሚስማሮች በጉጠት አንድ በአንድ ነቀለች። ሦስተኛው ሲወጣ መግል ተከትሎት ፈሰሰ። ፈረሱ ተንቀጠቀጠ፤ እኔ ልጓሙን አጥብቄ ያዝኩ።

«ይሄ የቆርቆሮ ሚስማር ነው፤ ሥጋው ድረስ ገብቷል። ጋሼ፣ ማነው የመታው?»

«ጉኑኖ ገበያ ያለ አንድ ሰውዬ ነው» አልኩ። ቤቴን ስከድን የተረፈኝ ሚስማር መሆኑን እንዴት ብዬ ልንገራት? ያውም ልጄ ለምትሆን ሴት!

ከልክ በላይ ያደገውን ኮቴ በቢላ ጠርባ አስተካከለች፤ ቁስሉን አጠበች።

«ሌላኛውንም እግር መታ እያደረግኩ ልየው፤ እስቲ መዶሻውን ያቀብሉኝ» አለችኝ።

መዶሻውን ከመሬት አነሳሁ። ጉጠቱንም ቢላውንም ችሎ የቆመው ፈረስ፣ መዶሻውን እጄ ላይ ሲያይ ልጓሙን መንጭቆኝ ወደ ኋላ ሸሸ።

ልጅቷ ቀና ብላ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥላ እኔን አየች።

«ጉኑኖ ነው ያሉኝ?»