አባቴ ያልፈረመበት ወረቀት

ባለፈው ወር አባቴ የብሩክሊን ሴንተሩን አፓርታማ ለቆ ክሪስታል ከተማ እኛ ቤት ሲገባ፣ ልብሱን የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚለብሳትን ቡናማ ኮቱን ድራይ ክሊን ልወስድ ኪሷን ስፈትሽ ለአራት የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። እጥፋቱ ሳስቶ ሊበጠስ ደርሷል። ገልጬ ሳየው መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። ከታች የወላጅ ፊርማ የሚሰፍርበት መስመር ባዶውን ነው። አባቴ ከትምህርት ቤት ተልኮለት ያልፈረመበት ወረቀት ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ሚኒሶታ ስንገባ አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍል አስገቡኝ። ያ ትምህርት ቤት ዛሬም በአፍንጫዬ አለ፤ ኮሪደሩ በክረምት የራሰ ቦት ጫማና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፣ ክፍሉ ደግሞ የተቀረጸ እርሳስ። እንግሊዝኛው ምላሴ ላይ ይደናቀፋል፣ ምሳ ሰዓት ከማን ጋር እንደምቀመጥ አላውቅም፣ ስሜን እንኳን በትክክል የሚጠራ አልነበረም። ሒሳብ ግን የኔ ነበር። አዲስ አበባ እያለሁ በሒሳብ ከሦስተኛ ወርጄ አላውቅም። ቆይ፣ በዚህ አሳያቸዋለሁ ብዬ ስጠብቅ የመጀመሪያው ፈተና ተመለሰ፤ ግማሽ። ሁለተኛውም ግማሽ። መልሶቼ እኮ ልክ ናቸው! ከእያንዳንዱ መልስ ጎን ግን በቀይ «ሾው ዩር ወርክ» የሚል ተጽፎበታል።

መምህሯ አሠራሩን ጻፊ ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን እንዴት ተደርጎ? እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑ ይወለወላል፣ የጓዳው መጋረጃ ይዘጋል። እማዬ እንግዳ ወደ ጓዳ አሻግሮ ካየባት ቀኑን ሙሉ ታፍር ነበር። ደብተርም እንደዚያው ነው ብዬ ነው ያደግኩት። የአዲስ አበባው የሒሳብ መምህራችን ስርዝ ድልዝ የበዛበት ደብተር ካገኘ ክፍሉ ፊት ከፍ አድርጎ ይዞ «ይሄ ደብተር ነው ወይስ ዶሮ የጫረችው?» ይል ነበር። ስለዚህ ስሌቱን መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ እሠራለሁ፣ መልሱን ብቻ በሚያምር ጽሑፍ ወረቀቱ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ መዳፌን በምራቄ አሽቼ አጠፋለሁ። ልፋትን ማሳየት ለኔ ነውር ነበር። መምህሯ ሚስስ ላርሰን ጠረጴዛዋ ጋ ጠርታ በለሆሳስ እንዴት እንዳገኘሁት ስትጠይቀኝ፣ እንደ ጨዋ ልጅ አንገቴን ደፍቼ ወለል ወለሉን አያለሁ። መምህር ዓይን ላይ ማፍጠጥ ተምሬ አላደግኩም። እሷ ደግሞ ዝምታዬን አለማወቅ አደረገችው። ምን ታድርግ? እኔ አልነገርኳት።

በዓመቱ ማብቂያ የሒሳብ ፈተና በሁለት ደረጃ ይሰጥ ነበር፤ መደበኛውና ቀለል ያለው። ቀላሉን የሚወስድ ማለፉ አይቀርም፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ግን አልጀብራውን ትቶ ከታች ባለው ክፍል ይቀመጣል። አንዴ እዚያ ከተቀመጡ ደግሞ ወደ ላይ የሚመለስ እምብዛም እንደሌለ ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል። ሚስስ ላርሰን ለኔ ቀላሉን መርጣ ወላጅ እንዲፈርምበት ይህን ወረቀት ሰጠችኝ። ቤት ወስጄ ምን እንደሚል ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩና። አባዬ ወዲያው እስክሪብቶ ፈለገ። እሱ ለክትባት ሲሉት ይፈርማል፣ ለሽርሽር ሲሉት ይፈርማል፤ ከመምህር የመጣ ወረቀት ለሱ ትእዛዝ ነው። እማዬ ግን ቆይ እስቲ ጋሽ ታምራትን እንጠይቅ አለች።

ጋሽ ታምራት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ በመግባቱ የአሜሪካ ትምህርት ጉዳይ ሁሉ እሱ ዘንድ ነበር የሚያልቀው። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ወረቀቱን በሩቁ ይዞ አነበበና ፈረደ። «ቀላሉን ትውሰድና ኤ ታምጣ! አሜሪካ ኤውን ነው የሚያየው፣ ከየት አመጣሽው አይልም። ከባዱን ካልወሰድኩ ማለት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው» አለ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ቀይ እስክሪብቶ መሮኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳን ኤ ይዤ ቤት ብገባ ብዬ ተመኘሁ። እሺ አልኩ። አባዬም ሰኞ ማታ እፈርማለሁ አለ።

ሰኞ ቀን ክፍል ውስጥ ቀላሉን ለሚወስዱ ልጆች የመለማመጃ ወረቀት ታደለ። ከማባዣው ገና እንደወጣ ይሞቃል። ገለጥኩት። ፒዛ! አንድ ፒዛ ለስምንት ተቆርጦ ሦስቱ ተበልቷል፣ ስንት ቀረ ይላል። ይህን እኮ አራተኛ ክፍል ሆኜ፣ ፒዛ የሚባል ነገር በአፌ ሳይገባ ሠርቼዋለሁ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ጨርሼ ሰጠኋት። ሚስስ ላርሰን ፊቷ በርቶ «ጉድ ጆብ!» አለችና የምትስቅ ኮከብ ያለባት ስቲከር ደረቴ ላይ ለጠፈችልኝ። አስራ አራት ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ ኮከብ!

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ቀይ እስክሪብቶው አሳዝኖኝ ነበር፣ ኮከቧ ግን አቃጠለችኝ። በቀዩ እንኳን መጣላት ይቻላል፤ ኮከብ የለጠፈልሽን ሰው ምን ትይዋለሽ? መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነቀልኳትና ጫማዬ ስር ለጥፌ እስክትበጣጠስ ረገጥኳት። ማታ አባዬ ወረቀቱ የታለ ሲለኝ ትምህርት ቤት ረሳሁት አልኩ። ማክሰኞም ረሳሁት። ሐሙስ ላይ ሚስስ ላርሰን ቤት ደውላ አባቴን አስጠራችው።

አባዬ ያኔ የኤርፖርት ሻትል ይነዳ ነበር። ከሥራ አስፈቅዶ፣ ቡናማ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ መጣ። ለመምህሯ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ሰላም አላት። የልጅ ወንበር ላይ ቁጭ አልን፤ ጉልበቱ ጠረጴዛው ስር አልገባ ብሎት ወደ ጎን ዞሮ ተቀመጠ። አስተርጓሚዋ እኔ፣ የተከሰስኩትም እኔ። ሚስስ ላርሰን ክፉ ሴት አልነበረችም። ልጅዎ ጎበዝ ሠራተኛ ናት፣ እንድትሰቃይብኝ አልፈልግም፣ ቀላሉ ይመቻታል አለች። አንዲት ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩለት። አባዬ እያንዳንዷን ቃል በአንገቱ እየተቀበለ ሰማና «አመሰግናለሁ በያት። የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» አለኝ።

ከቦርሳዬ ወረቀቱን አወጣሁ። መስጠቱን ግን እጄ እምቢ አለ።

«አባዬ፣ አትፈርም።»

«መምህር ናት እኮ!» አለ ፈገግታውን ከፊቱ ሳያወርድ፣ ጥርሱን ገጥሞ። ነጭ ሰው ፊት እንዲህ ነው የምንጣላው፣ እየሳቅን።

«ብትሆንም። ከፈረምክ ከዛሬ ጀምሮ ሒሳብ የሚባል አልነካም።»

እንዲህ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ቤት ብንሆን ምን እንደሚከተለኝ አውቃለሁ። እሱ ግን «ሒሳብ የምትችዪ ከሆነ ለምንድን ነው ታዲያ ግማሽ የምታመጪው?» አለኝ። ሳላስበው መዳፌን ዘረጋሁለት። የጠዋቱ መልመጃ ገና አልጠፋም ነበር፤ ከአውራ ጣቴ ስር እስከ አንጓዬ ድረስ በሰማያዊ ቁጥር ተሞልቷል። አባዬ እጄን ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ስሌቱን እንደማያውቀው አውቃለሁ። ግን አየ፣ ገባው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ጓዳውን ቆልፈሽባት ባዶ ነው ብትልሽ ምን ይገርማል?» አለ።

ከዚያ መዳፌን እንደያዘ ወደ ሚስስ ላርሰን አዞረው። መነጽሯን አውርዳ መስመር በመስመር ተከተለችው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ይህን ለምን ወረቀቱ ላይ አልጻፍሽውም አለችኝ። ስለ ጓዳ እንዴት አድርጌ ላስረዳት? «ኢት ኢዝ ደርቲ»፣ ቆሻሻ ነው አልኳት፣ ሌላ ቃል አልነበረኝም። አባዬ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ለአራት አጠፈና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ እኔን ሳይጠብቅ በራሱ እንግሊዝኛ «ሺ ቴክ ሃርድ ዋን» አለ። «ኢፍ ሺ ፎል፣ ሺ ፎል።» ተነሳ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት፣ ወጣን።

መኪና ውስጥ እንደ ጀግና የሚያወድሰኝ መስሎኝ ነበር። ወይ ጉድ! እስከ ቤት ድረስ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ነዳ። ሞተሩን ሲያጠፋ «መምህር አስቀይሜልሻለሁ። በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም» አለ። መሪውን ገና በሁለት እጁ ጨብጦታል። እንደፈራ ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። አልጀብራ የሚባል አያውቅም፤ ግን መስመር ይቆጥራል። «ከዚህ እዚህ በምን ዘለልሽ? ክፈቺው ጓዳውን!» ይለኛል። እያፈርኩ መጻፍ ጀመርኩ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት መስጠት ልብስ ሳይለብሱ አደባባይ እንደመውጣት ነበር የሚሰማኝ። ቀስ በቀስ ለመድኩት።

ከባዱን ተፈተንኩ። ያመጣሁት ሲ ነው። አዎ፣ ሲ። የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች አልደረስኩባቸውም፣ ሁለቱን ደግሞ እንግሊዝኛቸው ጣለኝ። ጋሽ ታምራት ሲሰማ ፓርኪንጉ ላይ እጁን አወናጨፈ፤ «ይሄ ሁሉ ጣጣ ለሲ!» አለ። ለሲ ነው ጋሽዬ፣ ምን ይጠበስ! በዚያች ሲ ዘጠነኛ ክፍል አልጀብራ ገባሁ። አባዬ ፈተናውን ፍሪጁ ላይ ለጠፈው፤ የታናሽ ወንድሜ ኤዎች ከታች፣ የኔ ሲ ከላይ።

አሁን የኔዋ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት። በላፕቶፕ ነው የምትሠራው፣ መዳፏ ንጹህ ነው። መምህሯን ዓይን ዓይኗን እያየች ትከራከራለች፤ እሰየው፣ ያንን ወድጄላታለሁ። ሰሞኑን ግን ያው ጥያቄ መጣ፣ በወረቀት ሳይሆን በስልኬ። ቀላሉን ደረጃ እንድትወስድ ከተስማሙ እዚህ ይንኩ ይላል። የጠየቀችው ራሷ ናት። «ማም፣ ጀስት ክሊክ ኢት» አለችኝ ከስልኳ ቀና ሳትል። በኛ ጊዜ ለዚህ አንድ አባት ኮት ለብሶ ከሥራ ይቀር ነበር። አሁን ጣት ይበቃል፤ እምቢ ያለ ሰው ደግሞ ኪሱ የሚከተው ነገር እንኳን የለውም።

የአያቷን ወረቀት ፊቷ ዘረጋሁትና ታሪኩን ነገርኳት። ጨርሳ ሰማችኝና «ባት ዩ ጎት ኤ ሲ» አለች። ሲ ነው አልኳት፣ የራሴ ሲ። ከባዱን ሞክረሽ ካቃተሽ ራሴ እነካልሻለሁ፣ ሳትሞክሪ ግን ይቺ ጣት አትንቀሳቀስም። አኩርፋ ክፍሏ ገባች። ከደቂቃዎች በኋላ በሩ ተከፈተ፤ ከባዱን መልመጃ ይዛ ወጥታ አያቷ አጠገብ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። አባዬ መነጽሩን አደረገና በጣቱ መስመር መቁጠር ጀመረ።

ለመሆኑ ኮቱ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንት ጊዜ ታጥቧል፤ ወረቀቱ እንዴት ተረፈ ብዬ ጠየቅኩት። ሊታጠብ ሲል ያወጣዋል፣ ሲመለስ መልሶ ይከተዋል ለካ። በየእሁዱ ይዞት ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። «ታዲያ የት ላድርገው? ቦታው እዚያ ነው» አለኝ።

ስልኬ በየቀኑ ማሳሰቢያ ይልክልኛል። ፊርማዎ እየተጠበቀ ነው ይላል። አባቴን ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቀውታል። እኔንም ይጠብቁኝ።