የሠላሳ ዘጠኝ ሴቶች ካርድ

ፀሐይወርቅን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚሏት ሰዎች አሉ። ደሜ ነው የሚፈላው! ነገሩን ከእኔ ስሙ፤ ዲላ መጋዘን ውስጥ አብሬያት ቡና የምለቅመው እኔ ሀዊ ነኝ።

ለምርጫ የተመዘገብነው በእሷ ጉትጎታ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ቆሎ ስንቆረጥም ትመጣና «ዛሬስ ማን ቀረ?» ትላለች። የቀረችውን እጇን ይዛ ምርጫ ጣቢያ ትወስዳታለች። እንዲህ እያለች ሠላሳ ዘጠኛችንን አስመዘገበችን።

እኛስ ምን አደረግን? መጋዘን ስንገባ መታወቂያችንን በር ላይ እናስረክባለን፤ ተፈትሸን ስንወጣ ይመለስልናል። ዓመታት ለምዶብናል። የምርጫው ዋዜማ የሚያሠራን ካቦ፣ አለባቸው፣ «የምርጫ ካርዱንም ጨምሩ» ሲለን እሺ ብለን ሰጠነው። እኔም በሁለት እጄ! ምን ነካኝ? ፀሐይወርቅ ብቻ «ይሄ የራሴ ነው» ብላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ስንወጣ መታወቂያችንን መለሰልን፤ ካርዱን ግን «ነገ» አለን።

በነጋታው ጠዋት ወደ መጋዘኑ ሄድን። «ማንን እንደምትመርጡ ንገሩኝና ውሰዱ» አይለን መሰላችሁ! እሱ ማን ሆኖ ነው? ፀሐይወርቅ ካርዷ እጇ ላይ ነው፤ መርጣ ቤቷ መግባት ትችል ነበር። «አንዳችሁም እንዳትነግሩት» አለችንና በሩ ላይ ተቀመጠች። እኛም ተቀመጥን። ዝናቡ ወረደብን። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መንገደኛው ተሰብስቦ ሲጮኽበት አለባቸው ካርዶቹን በበሩ ሥር ወረወራቸው።

ወደ ምርጫ ጣቢያው ሮጥን። ከእኛ መካከል እትዬ መንበረ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ፀሐይወርቅ ደግፋ ስታደርሳቸው አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው። ጣቢያው በዚያ ሰዓት ይዘጋል፤ ሲዘጋ ሰልፍ ላይ የተገኘ ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ አይመርጥም። «እሳቸው ይቅደሙ» ብላ ወደ ፊት ገፋ አደረገቻቸው። ፖሊሱ ከእትዬ መንበረ ኋላ ገብቶ ቆመና «ሰልፉ እዚህ ላይ አበቃ» አለ።

«ኧረ አንድ እርምጃ እኮ ነው! እግዜርን አትፈራም?» ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ።

ፀሐይወርቅ አላለቀሰችም። የቅሬታ ቅጽ አምጡ አለች። የጣቢያው ሠራተኛ እጇን አየና «አንቺማ ካርድሽን ይዘሻል፤ ማን ከለከለሽ?» አላት።

«የወሰደው የሠላሳ ዘጠኝ ሰው ካርድ ነው፤ ድምፅ የከለከለው ግን እኔን ነው» አለችው። «ስሙን ልንገርህ፣ ጻፍ።»