ከማኅተሙ ሥር

ጎረቤቴ ከተቀበረች በኋላ ድምፅዋን የሰማሁት አርባዋ በወጣ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ከግድግዳው ማዶ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ "ተፈላጊ ችሎታ፦ በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ" አለች። ቀጥላ "እማማ፣ እሱ ጥለቱ የእጅ ሥራ ነው፣ ይዳስሱት" አለች። ከዚያ ወደ ዲግሪው ተመለሰች።

በዜና ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የሰማሁትን ሳላጣራ አላምንም። ወደ በራቸው ሄድኩ። ባሏ የበሩ ደፍ ላይ፣ እሷ ትቀመጥበት የነበረውን ግራ ጎኑን ባዶ ትቶ ተቀምጦ ስልኩን ከጆሮው አጠገብ ይዟል።

"ጋሼ፣ አስደነገጥኩዎት?" አለኝ ኮቴዬን ሲሰማ።

"እኔማ ምን ያስደነግጠኛል" አልኩት። እርጥቡ ሸሚዝ ግን ገና እጄ ላይ ነበር፤ ውኃው ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል።

ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። ሕግ ተምሯል፤ እዚሁ ጉለሌ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የዜግነት ትምህርት ያስተምራል፤ ሲመኘው የኖረው ግን የሕግ ባለሙያነት ሥራ ነው። ሚስቱ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ትሸጥ ነበር። ስልኩ የተጻፈ አማርኛ ያነብለታል። ችግሩ የመሥሪያ ቤቶቻችን ማስታወቂያ ነው። በኮምፒውተር ይተየባል፣ ይታተማል፣ ይፈረምበታል፣ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ገጻቸው ላይ ይለጠፋል። ማኅተም የሌለውን ወረቀት ማን ያምናል? ስልኩ እንዲህ ያለው ፎቶ ላይ ሲደርስ አንዲት ቃል ብቻ ይላል፦ "ምስል።"

እሱ ምስሉን ለሚስቱ ይልክላት ነበር። እሷ ሱቋ ውስጥ ሆና፣ በገበያተኛ መሀል፣ አንብባ በድምፅ ትመልስለታለች። እነዚያን ድምፆች አንዱንም አላጠፋቸውም።

"የሞተ ማስታወቂያ ምን ይሠራልሃል?" አልኩት።

"ማስታወቂያውን አይደለም የምሰማው" አለ።

እሷ ሆስፒታል በተኛችበት ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት ለፈተና የጠራቸውን ሰዎች ስም አውጥቶ ነበር። ስሙ ነበረበት። የሚነግረው ሰው ሲገኝ የፈተናው ቀን አልፎ ነበር። አሁን እዚያው መሥሪያ ቤት ደግሞ አመልክቷል፤ ዝርዝሩም በቅርቡ ይወጣል። ይህኛው ካመለጠው ሌላ መደብ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

"እኔ አነብልሃለሁ" አልኩት።

"ያነባሉ፤ ነገ ደግሞ ለዘገባ ክፍለ ሀገር ይወጣሉ።" ፈገግ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞስ ጋሼ፣ የሰው ድምፅ ጆሮ ላይ ይቀራል። አንዱ ይበቃኛል። ስልኬ ላይ የሚያነበው ማሽን አይሞትብኝም፤ እነሱ ጽሑፍ ብቻ ይስጡት።"

ሰኞ አብረን ሄድን። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ለተሽከርካሪ ወንበር የተሠራ መወጣጫ አለ፤ ደህና ተሠርቷል። የሕንፃ ሕጋችን ስለዚህ ይናገራል። ሕገ መንግሥቱም መንግሥት አካል ጉዳተኞችን አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲደግፍ ያዛል። ሀገሪቱ የተቀበለችው ዓለም አቀፍ ስምምነት ኢንተርኔትን ሳይቀር በስም ይጠቅሳል። የድረ ገጽ ሠሪዎች ዓለም አቀፍ መስፈርትም ምስል ሁሉ ይዘቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ይኑረው ይላል። ይህን ሁሉ ከመሄዳችን በፊት አገላብጬ ነበር። ማስታወቂያውን በምትለጥፈው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ፣ "ከነገ ጀምሮ እንዲህ ይደረግ" የሚል መመሪያ ግን ፈልጌ አጣሁ።

ኃላፊዋ ክፉ ሰው አልነበረችም።

"ጽሑፍ ብቻውን ከወጣ ማንም ይቀይረዋል" አለች። "ባለፈው የሐሰት ዝርዝር ተበትኖ ሰው በሩን ሊሰብረው ነበር። ያዳነን ማኅተም ነው።"

"ማኅተሙን አያንሱብኝ፣ እህቴ። ያንኑ ቃል ከሥሩ ይጻፉልኝ ነው የምለው" አላት እሱ።

"ማኅተም ያላረፈበትን ነገር ጽፌ ነገ ተጠያቂዋ እኔ!"

ጥግ ላይ ቆሎ የሚቆረጥም ሠራተኛ ነበር። "ልትከሰን ነው እንዴ፣ ወንድሜ?" አለ።

"መጀመሪያ ቅጠሩኝና ከዚያ ለእናንተው እከራከራለሁ" አለው። ክፍሉ ሳቀ።

ኃላፊዋም ሳቋን ሳትጨርስ ለስለስ ብላ ጠየቀችው፤ "ለመሆኑ የሚያነብልዎት ሰው የለም?"

እሱ አውራ ጣቱን ስልኩ ላይ አንሸራተተ።

ክፍሉ በሴት ድምፅ ተሞላ። የዚያኑ መሥሪያ ቤት ስም ጠራች፣ የሥራ መደቡን፣ ደረጃውን። መሀል ላይ አቁማ "መጣሁ፣ የኔ እመቤት፣ አንዴ ብቻ" አለች ለገበያተኛ። ከጀርባዋ የመቀስ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ እስከ ግርጌው ወረደች፦ "ፊርማ አለው። የኃላፊው ስም ያለበት ቲተር አለው። ክብ ማኅተም አለው፣ ሰማያዊ ነው፣ ግማሹ ፊርማው ላይ አርፏል። እውነተኛ ነው፤ አመልክት።"

"ይሄ እኮ የእኛ ማስታወቂያ ነው" አለች ኃላፊዋ። "ማን ናት?"

"ባለቤቴ ናት።"

"ታዲያ እሷ..."

"ቀብረናታል።"

የቆሎው ሰውዬ እጁ ከአፉ ሳይደርስ ቆመ። "ነፍስ ይማር" አለ። ኃላፊዋ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ማኅተም አንሥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ለምን እንደሆነ እሷም የምታውቀው አይመስለኝም። "እናያለን" አለችን። "እናያለን" ምን ማለት እንደሆነ በሥራዬ ብዙ ጊዜ ዘግቤያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለእኔም ከበዱኝ። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም ሰፈሩን ሲሸፍነው፣ በየምሰሶው የተለጠፈ ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር የማነበው በእሷ ድምፅ ሆነ። የጠፋ ሰው ፎቶ፣ የሐራጅ ማስታወቂያ፣ የቀበሌ ስብሰባ፤ ሁሉንም ታነብልኛለች፤ ግርጌው ላይ ስደርስም ማኅተሙን ታጣራለች። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ?

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ አዲሱ ገበያ ታክሲ መጠበቂያው ላይ ከእሱ ጋር ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጮኸ። የመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ አዲስ ነገር ተለጥፏል። ነካው።

"ምስል" አለ ማሽኑ።

እኔ ልይልህ ብዬ እጄን ስዘረጋ በክርኑ ከለከለኝ። ጣቱን ወደ ታች አንድ ጊዜ አንሸራተተ።

"ለጽሑፍ ፈተና የተመረጡ አመልካቾች" አለ ማሽኑ፣ ትንፋሽ በሌለው ድምፅ። "ይህ ጽሑፍ ከላይ ካለው ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ጋር አንድ ነው።" ከዚያ ስሞቹን ይደረድር ጀመር። ወያላው "ሽሮ ሜዳ፣ ሽሮ ሜዳ!" ይላል፤ እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። የእሱን ስም ማሽኑ እንደ ሌላው ሰው ስም፣ ሳይፈጥንም ሳይዘገይም፣ ጠርቶ አለፈ። ጉልበቴን ጨበጠኝ።

"አለሁበት፣ ጋሼ።"

"አለህበት።"

ማሽኑ የፈተናውን ቀን፣ ሰዓቱንና የክፍሉን ቁጥር ነግሮት ዝም አለ። እሱ ፊቱ እየበራ፣ ከንፈሩን ለወሬ እንደከፈተ፣ ለቅርብ ሰው የምሥራች እንደሚነግር ሰው ወደ ግራው ዞር አለ።

እኔ የተቀመጥኩት በቀኙ ነበር።