የሐጂ ይመር ድምፅ የለሽ መኪና

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ያየሁት ነገር ዛሬም ሲታወሰኝ ይገርመኛል። ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው ወፍጮ ቤት በር ላይ አሠሪዬን ስጠብቅ፣ አንዲት ጥቁር መኪና ያለ ጭስ፣ ያለ ድምፅ ከግቢው ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ድሬዳዋ የባቡር ፋኖስ ባትሪ ስሞላ ስለኖርኩ ኤሌክትሪክ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ነገር ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

"የባትሪው ሠራተኛ አንተ ነህ?" አሉኝ መሪውን የያዙት ሽማግሌ።

"አዎ፣ ሐጂ። ደስታ እባላለሁ።"

"በል አፍህን ዝጋና ግባ፤ ዝንብ ይገባብሃል።"

ሐጂ ይመር ከወሎ መጥተው አዳማ የከተሙ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ግራ እግራቸው ከጉልበቱ አይታጠፍም፤ በቅሎ መቀመጥ ካቃታቸው ቆይቷል። ወፍጮውንም መኪናዋንም የገዙት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ግሪክ ነው። የቤንዚን መኪና ማስነሻውን ማኒቬላ የሚያዞር ጉልበትና ሁለት ደህና እግር ይፈልጋል። ይህቺ ግን በባትሪ ስለምትሄድ በእጅ ነበር የምትታዘዘው። መሪዋ እንደ እርፍ ያለ ዘንግ ነው፤ ፍጥነቷ በማንሻ ይጨመራል፤ ለፍሬኑ ቀኝ እግር ይበቃል።

ሰዎች በቃሬዛ እንሸከምዎት ሲሏቸው ይቆጡ ነበር። "በሰው ትከሻ የሚሄድ ሬሳ ነው!" ይላሉ። ስለዚህ መኪናዋ ቆመች ማለት ሐጂ ቤት ቀሩ ማለት ነበር። የእኔ ሥራ እንዳትቆም ማድረግ ነው።

ጠዋት የወፍጮው ሞተር ሲነሣ ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው ዲናሞ ላይ ቺንጋውን አጠልቃለሁ፤ ስንዴው ሲፈጭ ባትሪው ይሞላል። ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ከበው ያዩኛል።

"መኪናዋ ምንድን ነው የምትበላው?" አለችኝ አንዷ።

"የእናንተ እህል ሲፈጭ የሚተርፈውን ጉልበት።"

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ዱቄቷን ይዛ ስትወጣ መኪናዋን "ጠገብሽ?" ሳትላት አታልፍም ነበር። አልሳቅሁባትም። የወፍጮ ጉልበት በሽቦ ሄዶ ሣጥን ውስጥ መተኛቱን፣ ከዚያ ተነሥቶ ሰው ይዞ መሄዱን እኔም በየቀኑ እያየሁት አላመንኩትም።

በባትሪው ክፍሎች፣ በሴሎቹ፣ ውስጥ ያለው ውሃ ሲጎድል የምጨምረው በንጹሕ ማሰሮ ያጠራቀምኩትን የዝናብ ውሃ ብቻ ነው። የምንጭ ውሃ ማዕድን ስላለበት ባትሪ ይገድላል። ይህን ለሐጂ ነግሬያቸው ነበር። አንድ በጋ አጎቴ ሞቶ ሞጆ ለቅሶ ሄጄ ስመለስ መኪናዋ ከበሩ እስከ አጥሩ መሄድ አቅቷት አገኘኋት።

"ምን ጨመሩባት፣ ሐጂ?"

"የሶደሬን ፍልውሃ።" እግራቸውን የሚነክሩበት፣ በአህያ የሚመጣላቸው ውሃ ነው። "ጎድሎባት አየሁ። ለእኔ ጉልበት የበጀ ለሷ ምን ያንሳታል ብዬ ነው!"

በደግነታቸው ልሳቅ ወይ ላልቅስ ቸገረኝ። ጊዜውም ክፉ ነበር። ከወለንጪቲ ወዲህ ባለ አንድ ቀበሌ በግጦሽ ጠብ ሰው ሞቶ፣ የሟችና የገዳይ ወገኖች ለጉማ፣ ለደም ካሳ እርቅ፣ ሊቀመጡ ቀን ቆርጠዋል። ሐጂ በአገሩ የታመኑ አስታራቂ ስለነበሩ ሁለቱም ያለ እሳቸው አንቀመጥም ብለዋል። ቀኑ ካለፈ የሟች ወንድም ደሙን ሊመልስ ምሏል። ባቡሩ ደግሞ እዚያ አይቆምም።

ጨርሰው የሞቱትን ሴሎች ዘልዬ ደህናዎቹን በመዳብ ሽቦ አያያዝኳቸው። ቀኑ ሲደርስ በማለዳ ወጣን። መኪናዋ ከሰው እርምጃ ባትበልጥም ሄደች። እርቁ የሚደረግበት ግራር ከሩቅ ሲታየን፣ አሸዋማ አቀበት ላይ ቀስ ብላ ቆመች። ሐጂ ማንሻውን ደጋግመው ገፉት። ምንም።

የሟች ወንድም ከዘመዶቹ ጋር እየሮጠ ወረደ። "አካም ጅርቱ፣ ሐጂ። እንሸከምዎት።"

"አልሸከምም!" አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። እንዲህ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም።

"መሪውን ይያዙ፣ ሐጂ" አልኳቸው። "እኛ እንገፋለን። የሚነዱት እርስዎ ነዎት።"

አሰቡት። "ፍሬኑንስ?"

"እርስዎ።"

ገፋን፤ የባትሪው ክብደት አላንቀሳቅስ አለን። የገዳይ አጎት ይህን አይቶ ከነሰዎቹ መጣ። የሟች ወንድም እጁን ከመኪናዋ አነሣ። "ከእነሱ ጋር አልገፋም" አለ።

ሐጂ ከውስጥ ሆነው ጮኹ፦ "እንግዲያው አንተ በቀኝ፣ እነሱ በግራ! እኩል ካልገፋችሁ ዘንጉ ያዘነብልና ቦይ ውስጥ እገባላችኋለሁ!"

ውሸታቸውን ነው። መሪው በእጃቸው ነበር፤ ማንም በየትኛውም በኩል ቢገፋ ወደፈለጉት ያዞሩታል። እኔም ከኋላ ትከሻዬን ደገፍኩ።

"ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ!" አለ አጎትየው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለቱ ነው። መጀመሪያ የግራዎቹ ብቻ ገፉ። በሁለተኛው ጥሪ የሟች ወንድም ጥርሱን ነክሶ ትከሻውን ሰጠ። መኪናዋ ተነሣች። ደም የተቃቡ ሰዎች በአንድ ጥሪ ሲተነፍሱ ሰማሁ። ሐጂ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ዘንጉን ይዘው፣ በገዛ እጃቸው እየነዱ ግራሩ ሥር ደረሱ። ፍሬን ያዙ።

ጉማው ጩኸትና ኩርፊያ አልቀረለትም፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ታረቁ። መኪናዋ በበሬ ተጎትታ አዳማ ገባች።

ከዚያ በኋላ ብዙ መኪና ጠግኛለሁ፤ ብዙም አስገፍቻለሁ። ለወጣት መካኒኮች የምለው ይህን ነው፦ የቆመ መኪና ስታስገፉ መሪውን ለባለቤቱ ተዉለት።