ቡሬ የለም

ንፋስ መውጫ፣ የእርዳታ እህል የሚያከፋፍል ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ አገሬ አርብ ገበያ ቁጭ ብዬ ባል ከምጠብቅ ብዬ ነው የተቀጠርኩት። ቢሮው አንዲት ኮምፒዩተር ነበረችው። ጄኔሬተሩ የሚነሳው ጠዋት ብቻ ስለሆነ ቀትር ላይ ድርግም ትላለች።

የኮምፒዩተሯ ባለሙያ የእስቴ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ። ጠረጴዛው ላይ ፎቶ ኮፒ የተደረገ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረው። አንድ ፕሮግራም ፋይል መክፈት ወይም ማጥፋት ሲፈልግ በራሱ አያደርገውም፤ ማሽኗን የሚያስተዳድረውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይጠይቃል። መጠየቂያዎቹ ጥሪዎች ላይብረሪ በሚሉት ስብስብ ውስጥ ተሰናድተው ተቀምጠዋል። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ እነሱ ነው። እኔ የሰው ቃል መተየብ ሰልችቶኝ ነበርና ዓይኔን ጣልኩበት።

«ወንፈል እንግባ» አልኩት። «የገበሬ ማህበራቱን የስም ዝርዝር እኔ እተይብልሃለሁ፤ አንተ ይሄን ታስተምረኛለህ። አዲስ አበባ ለኮምፒዩተር ሥልጠና ሰው ሲጠሩ ደግሞ የሠራሁትን በስሜ ትልክልኛለህ።»

«እስቴ ወንፈል የሌለ መሰለሽ? እሺ፣ ገብቻለሁ» አለና ሳቀ።

ለወንፈል ወረቀት አይጻፍም፣ ምስክርም አይጠራም። ዛሬ ያንተን አረም ካረምኩ ነገ የኔን ታርማለህ፤ አለቀ። እኔም እንዲያ ብዬ ክረምቱን ሙሉ ተየብኩለት።

ማስተማሩንስ አስተማረኝ፤ አልዋሽም። ከሁሉ የማስታውሰው ሁለት ጥሪዎችን ነው። «ይሄኛው ሌላ ፕሮግራም ያስነሳና እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቀዋል። ያኛው ግን ቦታውን ለተጠራው ለቆ ይሄዳል። አይመለስም» አለኝ።

«ያኛውስ ምን ያደርግልኛል?» ብዬ የሚጠብቀውን መረጥኩ።

የኔ ፕሮግራም የአባወራዎቹን ዝርዝር ይከፍታል፣ በፊደል ተራ የሚደረድረውን ሌላ ፕሮግራም ይጠራል፣ እስኪመለስ ይጠብቃል፣ ከዚያ ያትማል። የዝርዝሩን ፋይል በአባቴ በሬ ስም «ቡሬ» አልኩት። ፋይሉ ካልተገኘ ስክሪኑ ላይ በላቲን ፊደል፣ በአማርኛ «ቡሬ የለም» ብሎ ይቆማል። በዲስኬት ገልብጬ ለሥልጠናው እንዲልክልኝ ሰጠሁት።

በሳምንቱ ባዶውን መለሰልኝ። «መብራት ሲቋረጥ ተበላሸ፤ ምንም አልተረፈም። አይዞሽ፣ ለሚቀጥለው ይደርስሻል» አለኝ። መጋዘን ገብቼ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ደግሞ አመንኩት! መብራት እንደሆነ በየቀኑ ይቋረጣል።

መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ኃላፊ ከጎንደር መጡ። በቢሮው ሰዎች ፊት «የዚህ ልጅ ሥራ ተወዶለታል። ለሥልጠና አዲስ አበባ የሚሄደው እሱ ነው። በል እስቲ አሳየን» አሉ።

የእስቴው ልጅ ዲስኬት አስገባ። ለፕሮግራሙ የራሱን ስም ሰጥቶታል። ቁልፉን ሲጫን ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ።

ቡሬ የለም።

ደገመው። ቡሬ የለም።

«ቡሬ ማነው?» አሉ ኃላፊው።

የእስቴው ልጅ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። የፕሮግራሙን ስም ሲለውጥ ውስጡን አላነበበውም፤ ቡሬ የሚባል ዝርዝር እንደሚፈልግ አላወቀም።

«የአባቴ በሬ ነው፣ ጓድ» አልኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኃላፊውም ሳቁ። እሱ ግን ወደኔ ጎንበስ ብሎ «በናትሽ፣ አታዋርጂኝ» አለኝ በሹክሹክታ።

ገፋ አድርጌው ተቀመጥኩ። ከተየብኳቸው ዝርዝሮች አንዱን ስሙን ወደ ቡሬ ለወጥኩና ፕሮግራሙን አስነሳሁ። ስሞቹ ተደርድረው ወጡ።

«ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ኃላፊው እሱን አዩት። እሱ ወለሉን ያያል። አንዲት «አዎ» ትበቃ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ የተየብኩት ለዚህች ቃል ነው። አልወጣችም።

«እንግዲህ ወረቀቱ ማህተም ተመትቶበታል» አሉ ኃላፊው። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ጎበዝ ነሽ። እሱ ተምሮ ሲመለስ ያስተምርሻል» አሉኝ።

ዲስኬቱን ከማሽኑ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። ማንም አልጠየቀኝም። ጄኔሬተሩ ሊጠፋ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቶት ነበር፤ የስማዳ ገበሬዎች ዝርዝር ገና አልተተየበም። እሱ እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር አጠገብ ቆሞ ቀረ።

«ተነሺ አትበለኝ። የዛሬውን ለራሴ ነው የምሠራው» አልኩት።